ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ስለ መምረጥ

ሕፃን ፊደልን ከመለየቱ አስቀድሞ ሥዕልን ያነባል። ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የእናቱን የነጠላ ጫፍ ይዞ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስና ዘንዶውን እያየ፥ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ያልጠየቀ ከመካከላችን ማን አለ? የቀድሞ ሠዓሊዎቻችንም አብዛኛውን ጊዜ ጻድቁን በሁለት ዐይኑ፥ ኃጥኡን ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዐይኑ ብቻ ይሥሉ ነበርና፥ ማንበብ የማይችለውም ሁለቱን ይለያቸው ነበር።

በአውሮፓም ኮሜንዮስ የተባለው የሞራቪያ መምህር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1658 ዓ.ም. በኑረንበርግ ለልጆች ባሳተመው የሥዕል መጽሐፍ፥ በሥዕሉ ውስጥ ላሉት ነገሮች ቍጥር እየሰጠ በጽሑፉ ካለው ስማቸው ጋር አገናኛቸው። ሥዕልና ቃል እንዲህ ሲስማሙ ትምህርት ይቀላል።

እኛ ግን በዚህ ነገር ስተናል። ልጃችን አምስት ዓመት ስትሞላ፥ በሽፋኑ ማማርና በገጹ ብዛት ተማርከን አንድ ትልቅ መጽሐፍ ገዛንላት። ጽሑፉ ረጅም፥ ሥዕሉ ጥቂት ነበር። ይህም ሳይበቃን በየገጹ «ይህ ምንድን ነው? ይህስ ፊደል ማን ይባላል?» እያልን እንደ ፈተና ጠየቅናት። ከጥቂት ቀን በኋላ መጽሐፉ ከአልጋ ሥር ተደብቆ ተገኘ። መምህር ሆነን ሳለ በገዛ ቤታችን ይህን ማድረጋችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ሥዕሉን ብቻ ተከተሉ፤ ታሪኩ ለእናንተ ካልገባችሁ ለሕፃኑም አይገባውም። ጽሑፉ ቀይ ላም ሲል ሥዕሉ ጥቁር በሬ እንዳያሳይ መርምሩ፤ ሕፃን እንዲህ ያለውን ስሕተት ከዐዋቂ ፈጥኖ ያያል። አንድ ገጽ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ፤ ዐማርኛው አንደበትን የሚያሰናክል ከሆነ ተዉት። ገና ለሚድኸው ልጅ ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነውን ምረጡ፤ ማኘኩና መጐተቱ አይቀርምና። ብዙ መግዛት ባትችሉም አትዘኑ፤ በሚገባ የተመረጠ አንድ መጽሐፍ ደጋግሞ ይነበባል፤ ልጅም ቃላትን የሚያጸናው በዚህ ድግግሞሽ ነው።

እኛም በኋላ ስለ አንዲት ፍየል የሚናገር ቀጭን መጽሐፍ ገዝተን፥ ያለ ጥያቄ አነበብንላት። በሦስተኛው ምሽት መጽሐፉን ከእጃችን ወስዳ፥ «አባባ፥ ዛሬስ እኔ ላንብብልዎ» አለችን። ገና አንድም ቃል ማንበብ አትችልም ነበር፤ ነገር ግን ጣቷን በሥዕሉ ላይ እያሳለፈች ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችን። እኛም ዝም ብለን አዳመጥናት።