ክረምቱን ያለ ሥራ የከረመ የውሃ መሳቢያ ሞተር ለምን ይታመማል?

የክረምቱ ዝናብ አልፎ የመስኖ ወቅት ሲደርስ፣ በሐድያና በከምባታ አካባቢ ለወራት ጥግ ይዘው የቆዩ የቤንዚን የውሃ መሳቢያ ሞተሮች እንደገና ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። በብላቴ ወንዝና በገባሮቹ ዳር አትክልት የሚያለማ አርሶ አደር ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ችግር ተመሳሳይ ነው፤ ሞተሩ ገመዱ ደጋግሞ ከተሳበ በኋላ ይነሣል፣ ነገር ግን ይንተፋተፋል፣ ውሃ መግፋት ሲጀምር ደግሞ ይጠፋል። ለሽንኩርት ወይም ለቲማቲም ችግኝ በደረቅ ወቅት ያለ ውሃ የሚያልፉት ቀናት የዓመት ልፋት ሊያሳጡ ይችላሉ። ስለዚህ የችግሩን መንስኤ መረዳት ሞተሩን ፈትቶ ከመበተን መቅደም አለበት።

ቤንዚን ሲቀመጥ ምን ይሆናል?

ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ ሳይሆን የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ሞተር ቀዝቅዞ ሳለ እንዲነሣ የሚረዱት ቀላሎቹ ክፍሎች ቀድመው ይተናሉ። የሚቀሩት ከአየር ኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐዱ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይፈጥራሉ። ይህ ዝቃጭ የሚያርፈው ቤንዚንና አየር በሚቀላቀሉበት በካርቡሬተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው።

የእነዚህ ቀዳዳዎች ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሊሆን ስለሚችል፣ ለዓይን የማይታይ ዝቃጭ እንኳ ብዙ ያጎድላል። ለምሳሌ 0.4 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ቀዳዳ ወደ 0.3 ቢጠብብ፣ ስፋቱ የሚለካው በዲያሜትሩ ካሬ ስለሆነ፣ የቤንዚን ማለፊያው በ44 በመቶ ይቀንሳል። አንድ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ቤንዚኑ ሲያንስ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ይንተፋተፋል።

የከፍታው ተጽዕኖ

በሌላ በኩል ሆሳዕናና ዱራሜ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር አየሩ ቢሳሳም ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በዚህም ምክንያት ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ በቤንዚን ይበዛል። ምልክቱም ጥቁር ጭስ፣ በጥላሸት የተሸፈነ ካንዴላና የጉልበት ማነስ ነው።

እንግዲህ ሁለት ተቃራኒ በሽታዎች አሉ ማለት ነው፤ መቀመጥ ቤንዚኑን ያሳንሳል፣ ከፍታ ያበዛል። ሁለቱም ሞተሩን ደካማ ስለሚያደርጉት በድምፁ ብቻ መለየት ያዳግታል።

እንዴት እንለያቸው?

በመጀመሪያ አሮጌውን ቤንዚን እሳት በሌለበት ግልጽ ቦታ በብርጭቆ ቀድቶ መመልከት ያስፈልጋል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ፣ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ቀጥሎ አዲስ ቤንዚን ይሞላና ሞተሩ ውሃ እየሳበ እንዲሞቅ ይደረጋል፤ ያለ ውሃ ማሠራት የፓምፑን ማሸጊያ ያበላሻልና። ከዚያም አየር የሚቀንሰውን ቾክ በጥቂቱ መዝጋት ነው። ሞተሩ ከተሻለው የጎደለው ቤንዚን ነው፤ ቀዳዳው ተደፍኗል ወይም የቤንዚኑ ፊልትሮ ቆሽሿል። ከባሰበት ግን ቤንዚኑ በዝቷል፤ በቅድሚያ የአየር ፊልትሮውን ማጽዳት፣ ቀጥሎም ስለ ከፍታው ማሰብ ይገባል።

የተደፈነ ቀዳዳ በካርቡሬተር ማጽጃ ፈሳሽና በአየር ግፊት ይጸዳል እንጂ በሽቦ አይጎረጎርም። 0.4 ሚሊ ሜትር የነበረው ቀዳዳ ወደ 0.5 ቢሰፋ ስፋቱ በ56 በመቶ ያድጋል። ከፍታው ራሱ ቤንዚን በሚያበዛበት አካባቢ ይህ ማለት ሞተሩ ዘወትር ያለ ጥቅም ነዳጅ ያቃጥላል ማለት ነው። ሽቦው የአንድ ቀን ችግር ፈትቶ የዓመታት ወጪ ያመጣል።

ይኸው አሠራር በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች ላይ ጀልባ ለሚገፉ ባለ ካርቡሬተር ሞተሮችም ይሠራል። ልዩነቱ እነዚህ የሚቀዘቅዙት በሐይቁ ውሃ ስለሆነ፣ በየብስ ሲፈተኑ የታችኛው ክፍላቸው ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጥንቃቄው ነው። ሞተሩ በሰኔ ወደ ማረፊያው ከመግባቱ በፊት የነዳጅ ታንኩን ባዶ ማድረግ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን አልቆ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ማሠራት፣ ካንዴላውን ፈትቶ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደሩ መጨመርና ገመዱን ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ መሳብ ይበቃል። ይህ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ በጥቅምት ወር ችግኙን ከጥም፣ ባለቤቱንም ከኪሳራ ያድናል።