ልጅዎ «ግራፊክስ ካርድ ግዙልኝ» ሲልዎት

እራት ቀርቦ ቤተሰቡ ተሰብስቧል። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅዎ «አክስቴ ከአሜሪካ ልትመጣ አይደል? አንድ ዕቃ ታምጣልኝ» ይላል። ጫማ ወይም ስልክ መስሎዎት «ምን?» ይሉታል። «ግራፊክስ ካርድ። 5090።» ዋጋውን ሲጠይቁት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁለት ሺህ ዶላር» ይላል። የጠቀለሉት እንጀራ እጅዎ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ወላጅ «ለጌም ይህን ያህል ገንዘብ? አይታሰብም!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ «ለትምህርቴ ነው ካለ ምን ይደረጋል» ብሎ ሳይጠይቅ ይከፍላል። ከሁለቱም በፊት ግን ማወቅ የሚገባዎት ነገር አለ። «የትኛው ካርድ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ አይሰጥም። ካርዱ ከምን ስክሪን፣ ከምን ሥራና ከምን ኮምፒውተር ጋር እንደሚገጥም አብሮ መጠየቅ አለበት።

ካርዱ ምን ይሠራል?

የኮምፒውተሩን ዋና ፕሮሰሰር እንደ ጥቂት ጎበዝ ባለሙያዎች ያስቡት። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ደቦ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቀላል ቀላሉን ሥራ ተከፋፍለው በአንድ ጊዜ ያነሱታል። አንድ 4ኬ ስክሪን 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት። ጌም ሲከፈት የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም በሴኮንድ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ እንደ አዲስ ይሰላል። ካርዶች የሚወዳደሩትም በሴኮንድ ስንት ምስል ወይም ፍሬም ሠርተው እንደሚያቀርቡ በመለካት ነው።

እጥፍ ዋጋ፣ እጥፍ ፍጥነት?

የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 በ2025 መጀመሪያ ገበያ ሲገባ የተተመነለት ዋጋ 1,999 ዶላር ነበር። ማስታወሻው 32 ጊጋባይት፣ የሚስበው ኃይል እስከ 575 ዋት ነው። ታናሹ 5080 በ999 ዶላር፣ በ16 ጊጋባይትና በ360 ዋት ቀረበ። የተፎካካሪው ኤኤምዲ ራዲዮን አርኤክስ 9070 ኤክስቲ 599 ዶላር፣ 16 ጊጋባይትና 304 ዋት ነው። ዝቅ ሲሉ ባለ16 ጊጋባይቱን 5060 ቲአይ በ429 ዶላርና በ180 ዋት ያገኛሉ። እነዚህ አምራቾቹ ያወጧቸው መነሻ ዋጋዎች ናቸው፤ ሱቅ ላይ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይወደዳሉ።

እንግዲህ 5090 ከ5080 በእጥፍ ይወደዳል። በ4ኬ ስክሪን ላይ ያለው የፍጥነት ብልጫ ግን በግምት ግማሽ ያህል ነው፤ 5080 በሴኮንድ 60 ምስል በሚሰጥበት ጌም 5090 ወደ 90 ይሰጣል። ስክሪኑ የተለመደው 1920 በ1080 ከሆነ ልዩነቱ ይበልጥ ይጠባል። ካርዱ ድርሻውን ቶሎ ጨርሶ ፕሮሰሰሩን ቁጭ ብሎ ይጠብቃልና። የቤትዎ ስክሪን ባለ60 ኸርዝ ከሆነ ደግሞ ካርዱ 200 ምስል ቢሠራም ስክሪኑ በሴኮንድ የሚያሳየው 60 ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ማስታወቂያውን ሲያነቡ

በጥር 2025 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የቴክኖሎጂ ትርኢት የኤንቪዲያ ኃላፊ ጄንሰን ሁዋንግ፣ 549 ዶላር የሚሸጠው 5070 ቀድሞ 1,599 ዶላር ከወጣው 4090 ጋር እኩል እንደሚሠራ ተናገሩ። ስሌቱ ግን ካርዱ በትክክል ከሠራው ከእያንዳንዱ ምስል ጋር በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተገምተው የሚጨመሩ እስከ ሦስት ምስሎችን ያካተተ ነበር። የተጨመሩት ሳይቆጠሩ ሁለቱ ሲለኩ 4090 በሰፊው ይቀድማል። ግምታዊ ምስሎቹ እንቅስቃሴውን ለዓይን ያለሰልሱታል፤ ጌሙ ለልጅዎ እጅ የሚሰጠውን ምላሽ ግን አያፈጥኑትም። ስለዚህ የካርዶችን ንጽጽር ሲያዩ ቁጥሩ ከነጭማሪው ነው ወይስ ያለጭማሪው ብለው ይጠይቁ።

ለትምህርት ከሆነስ?

የፕሮግራሙን ስም ይጠይቁ። በአውቶካድ ተራ የፕላን ሥዕል ለመሥራት ውድ ካርድ አያስፈልግም። በብሌንደር ባለሦስት አውታር ሕንፃ ለሚሠራ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚያጠና ልጅ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የማስታወሻው መጠን ሊበልጥበት ይችላል። ሥራው ማስታወሻው ውስጥ ካልበቃ ክፉኛ ይዘገያል ወይም ጭራሹን ይቆማል። በዚህ መስክ ያሉ ብዙ ፕሮግራሞች ኩዳ በተባለው የኤንቪዲያ አሠራር ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ ለጌም ጥሩ የሆነው የኤኤምዲ ካርድ ለትምህርቱ ላይመች ይችላል።

የቤቱም አቅም ይታይ

ለ5090 ኤንቪዲያ የሚመክረው ባለ1,000 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። ብዙዎቹ የ5090 ካርዶች ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚረዝሙ ያለዎት ኬዝ ላይበቃቸው ይችላል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የምታቆየው ትንሿ ዩፒኤስም ይህን ጭነት አትችለውም። ካርዱ በሙሉ ኃይሉ በቀን ሦስት ሰዓት ቢሠራ 5090 በ30 ቀን 52 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ 5060 ቲአይ 16 ገደማ ይበቃዋል።

ላፕቶፕ የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ በስሙ አይታለሉ። «5090» የሚል ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ከዴስክቶፑ 5090 ጋር ስሙን እንጂ ጉልበቱን አይጋራም፤ ማስታወሻው 24 ጊጋባይት ሲሆን ቺፑም የዴስክቶፑ 5080 ዓይነት ነው።

ከልጅዎ ጋር ይቀመጡ

ካርዱ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ቢበላሽ ወይም ባይገጥም ወደ ሻጩ መመለሱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አክስቱ ከመግዛቷ በፊት ለልጅዎ የቤት ሥራ ይስጡት፦

• ስክሪናችን ስንት በስንት ነው? ስንት ኸርዝስ?
• የትኛውን ፕሮግራም ልትሠራበት ነው? ስንት ጊጋባይትስ ይፈልጋል?
• ፕሮሰሰራችን፣ ፓወር ሰፕላያችንና ኬዛችን ይችሉታል?
• ካንተ ምርጫ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ካርድ ምን ያጎድልብሃል?

መልሱን በወረቀት ጽፎ ያምጣ። ምናልባት በእርግጥ ውዱን ካርድ የሚጠይቅ ሥራ ይኖረው ይሆናል፤ ያኔ ለምን እንደሚከፍሉ አውቀው ይከፍላሉ። ምናልባት ደግሞ ራሱ አስልቶ «5060 ቲአይ ይበቃኛል፤ በተረፈው ጥሩ ስክሪን እንግዛ» ይልዎታል። ሁለቱም ቢሆን ደስ ይበልዎት፤ ልጅዎ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ማስላት ተምሯል።