የጤና መድን ካርድዎ የት የት ይሠራል?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ይዘው በፈለጉት ቦታ ሁሉ መታከም አይችሉም። ካርዱ የሚሠራው ወረዳዎ ውል በገባባቸው ተቋማት ብቻ ነው። በውሉ መሠረት ተቋሙ አባሉን ሳያስከፍል ያክማል፤ ሒሳቡን ከወረዳው መድን ይቀበላል።

መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ዛሬ በአገሪቱ ከ1,000 በላይ ወረዳዎች ገብተውበታል። ውሉ በአብዛኛው ከመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ጋር ነው። የግል ክሊኒክ ከሄዱ ከኪስዎ ይከፍላሉ።

ሲታመሙ መጀመሪያ የት ይሂዱ? አቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ። ሕመሙ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጻፍልዎታል፤ ወደ ከፍተኛ ተቋም የሚያስተላልፍ ወረቀት ነው። ለምሳሌ በአማራ ክልል የወቅን ሰው ወደ ዳባት ሆስፒታል፣ የደባርቅ ሰው ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ይላካል። እዚያም ካልተቻለ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ የሕክምናውን ግማሽ ሊከፍሉ ይችላሉ። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ ግን ሪፈር አይጠበቅም።

ከሌላ ወረዳ የመጣስ? ውል የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ወረዳ ለየራሱ ነው። ከዛሪማ ተነሥቶ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ደባርቅ የሚደርስ በሽተኛ ካርዱ የሚሠራለት ወረዳው ከደባርቅ ሆስፒታል ጋር ከተዋዋለ ነው። ያን ዳገት ከመውጣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ስንት ያስከፍላል? መዋጮው በዓመት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ይከፈላል። በሙከራው ዘመን ከ200 ብር በታች ነበር፤ አሁን ብዙ እጥፍ ጨምሯል። ልኩ እንደ ቦታውና እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይለያያል። ባልና ሚስት ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻቸው ጋር በአንድ መዋጮ ይታቀፋሉ፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ተጨማሪ ይጠየቃል። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት ይከፍላል።

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውበት ቀዶ ሕክምና አይሸፈኑም። የመንገድ ወጪም አይሸፈንም። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ትራንስፖርቱ፣ የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ ከእርስዎ ኪስ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ከመዋጮው ይልቅ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። ወሊድ፣ ክትባትና የቲቢ ሕክምና ግን ካርድም ሳይኖርዎ በነጻ ነው።

ትልቁ ቅሬታ የመድኃኒት ነው። ሐኪሙ ያዝዛል፤ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሲደርሱ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላሉ። ለምን? ተቋሙ ያከመበትን ሒሳብ ለወረዳው መድን ያቀርባል፤ ሒሳቡ ተመርምሮ ይከፈላል። ክፍያው ሲዘገይ ተቋሙ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት መድኃኒት የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ ያጥረዋል። ብሩ ቢኖርም አቅራቢው ዘንድ መድኃኒቱ የሚታጣበት ጊዜ አለ። አዲስ ተቋም ውል ገባ ሲባል ደስ ይላል፤ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ግን ለአባሉ ትርጉም የለውም።

ይህ ከገጠመዎ መድኃኒቱ እንደሌለ ማዘዣው ላይ ያስጽፉ፣ ማኅተም ያስመቱ። የገዙበትን ደረሰኝ ይያዙና ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ የወረዳዎን መድን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በቤትዎ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ ደግሞ መዋጮውን ሲያድሱ በየወሩ የሚወስደውን መድኃኒት ስም አስጽፈው ወደ ጤና ጣቢያው ይሂዱ፤ መኖሩን፣ ካለቀም መቼ እንደሚመጣ ይጠይቁ።