የዳቦ ስም የሸፈነው የቅድመ አያቴ ስም

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ካርድ ስሞላ «ሙሉ ስም እስከ አያት» ብዬ ያልጠየቅሁት በሽተኛ የለም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ ሁሉም በአባት በኩል ነው። እናት የምትጻፍበት መስመር አልነበረም። ይህ ምን ያህል እንደሚያጎድል የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የገዛ ልጄ ልታገባ ስትል ነው።

ልጁ ጨዋ ነው። ወላጆቹም እንደኛው የጎጃም፣ የቢቸና አካባቢ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ ሲላክ እንደ ወጉ «ሰባት ቤት ይቆጠር» ተባለ። የእኛን ወገን ስንቆጥር የአባቴ አባት እናት ላይ ስንደርስ ቆመን ቀረን። አንዲት ዕድሜ የጠገቡ አክስታችን «እሳቸውማ ከልጁ ወገን ናቸው፤ የቅድመ አያቱ እኅት ናቸው» አሉ። እንዲያ ከሆነ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ልጄ አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች።

ቅድመ አያቴን ሁሉም የሚያውቃቸው በዳቦ ስማቸው ነበር። በአገራችን ሴት ስታገባ በባሏ ስም አትጠራም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የራሷን ስም እንደያዘች እንድትቀጥል ይደነግጋል። ነገር ግን በገጠር ሙሽራ ስትገባ አማቷ ዳቦ ጋግራ አዲስ ስም የምታወጣበት ልማድ አለ። ከዚያ ወዲያ ባልም ጎረቤትም በዚያ ይጠሯታል። የአባቷ ቤት ስም ወንዝ ማዶ ይቀራል። የክርስትና ስማቸውን ብንጠይቅም አልረዳንም፤ ያንኑ ስም የያዙ ሴቶች በየደብሩ ሞልተዋል።

ወንድሜ ቤት የአባታችን የቆርቆሮ ሣጥን አለ። ከፍተን አየነው። የግብር ደረሰኞቹ በአያቴ ስም ብቻ የተቆረጡ ናቸው። ከሥራቸው ግን አራት ቦታ የታጠፈ የ1951 ዓ.ም. የርስት ክርክር ውሳኔ ወጣ።

በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ከራሱ ጀምሮ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። አያቴ የተከራከሩት በእናታቸው ቀዬ ላለ መሬት ነው። በዳቦ ስም ቢቆጥሩ እዚያ ማን ያውቃቸዋል? ስለዚህ እናታቸውን በአባታቸው ቤት ስም፣ ከነአባታቸውና ከነአያታቸው አስመዝግበዋል። ያንን መስመር ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ የርስት ክርክር አከተመ። ለስንት ድሃ ገበሬ እፎይታ ነበር። ትውልድ የሚያስቆጥረው ጉዳይ ግን አብሮ ቀረ፤ የሴቶቹን ስም መጀመሪያ የረሳነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ቅድመ አያቴ ትውልድ ቀዬ ሄድን። አንድ ሽማግሌ ስሙን ሲሰሙ ወዲያው «ወንዝ ማዶ የተዳሩት!» አሉ። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው መንደር ያገባች ሌላ ሴት ተመሳሳይ የዳቦ ስም ወጥቶላት ኖሯል። የልጁ ዘመድ እሷ ናት። አክስታችን አልዋሹም፤ ሁለቱን ሴቶች ያምታታቸው ስሙ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደገና ሰባት ቤት ቆጠሩ። አልተገናኘም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ክፍተት ሳይኖር አይቀርም። አረጋውያን በሕይወት ሳሉ የእያንዳንዷን አያት ሦስት ስም ጠይቁ፤ ያባቷን ቤት ስም፣ የዳቦ ስሟንና የክርስትና ስሟን። የተወለደችበትን ደብርም አትርሱ። ወረቀት ስትፈልጉ ከደረሰኝ ይልቅ የፍርድ ውሳኔና ኑዛዜ ይበልጥ ይናገራሉ። ዛሬ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ባልና ሚስት በስማቸውና በፎቶግራፋቸው ይሰፍራሉ፤ ለልጅ ልጆች ትልቅ ቅርስ ነውና በደንብ ይቀመጥ።

ልጄ ተዳረች። በመልሱ ማግስት አማቷ ዳቦ ቆርሰው ስም አወጡላት፤ ደስ የሚል ስም ነው። እኔም እልልታው ጋብ ሲል ደብተሬን አወጣሁና «እሜቴ፣ ይባረክ። ግን ከጎኑ የራሷንም እንጻፈው» አልኳቸው። ስቀው እስክሪብቶውን ተቀበሉኝና የልጄን ስም በራሳቸው እጅ ጻፉት።