ካራቴ፡- የመምታት ትምህርት ወይስ የመታገስ?



አንድ ታዳጊ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «አባዬ፣ ካራቴ ልማር» ቢል አባት ምን ይመልሳል? እንደ ሌሎቹ የሀገራችን ከተሞች ሁሉ ጎንደርም ውስጥ ካራቴና ቴኳንዶ የሚማሩ ወጣቶች ስላሉ ጥያቄው ለብዙ ወላጅ እንግዳ አይደለም፡፡ አንዱ ወላጅ «መጀመሪያ ደብተርህን ያዝ!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል፡፡ ሌላው «ራሱን ይከላከልበታል» ብሎ ይፈቅዳል፡፡ ሦስተኛው ደግሞ «ልጄ ጉልበተኛ ሆኖ የሰው ልጅ እንዳይጎዳብኝ» ብሎ ይሰጋል፡፡

ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፡፡ ብዙዎቻችን የዚህን ስፖርት ዓለም ያወቅነው ከቪዲዮ ቤት ነው፡፡ በፊልሙ ውስጥ አንድ ሰው ሃያውን ይዘርራል፤ ከዚያ ፊልሙ ያልቃል፡፡ ማግስቱን ማንም አያሳየንም፡፡ እኛ ግን ማግስቱን እናውቀዋለን፡፡ በሰሜን ጎንደር ደጋ ዱላ መያዝ የወንድ ልጅ ወግ ነው፡፡ እረኞች ከብት እየጠበቁ በዱላ ምክቶሽ ይጫወታሉ፡፡ ሆኖም በእርሻ ወሰን ወይም በገበያ በተነሳ ጠብ አንዲት ዱላ ያለ ቦታዋ ካረፈች ደም ይመጣል፡፡ ደም ከመጣ ደግሞ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይቃቃራል፤ ገዳይ ቀዬውን ጥሎ ይሰደዳል፤ ሽማግሌዎች እርቅ ለማውረድ ለዓመታት ይመላለሳሉ፡፡

እንግዲያው የወላጅ ጥያቄ መሆን ያለበት «ልጄ መምታትን ይማር ወይ?» ሳይሆን «እጁን መያዝን ማን ያስተምረዋል?» የሚለው ነው፡፡ ለዚህ መልስ ለማግኘት በዓለም ላይ በስፋት ከታወቁት የካራቴ ትምህርት ቤቶች የአንዱን፣ የሾቶካንን ታሪክ እንመልከት፡፡ (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ደካማው ልጅ

ካራቴ የተወለደው ዛሬ የጃፓን አካል በሆነችው በኦኪናዋ ደሴት ነው፡፡ የደሴቲቱ ሰዎች የራሳቸውን የእጅ ፍልሚያ ከቻይና ከመጣው ጋር አዋሕደው ለረጅም ዘመን በምስጢር ሲያስተምሩት ኖሩ፡፡ ይህን ምስጢር ወደ አደባባይ ካወጡት አንዱ አንኮ ኢቶሱ (1831-1915) ናቸው፡፡ ከ1901 ጀምሮ ካራቴ በደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ አደረጉ፤ ለተማሪዎችም የሚሆኑ አምስት «ካታዎች» አዘጋጁ፡፡ ካታ ማለት ተማሪው ያለ ተጋጣሚ ብቻውን በቅደም ተከተል የሚሠራው የመከላከልና የመምታት እንቅስቃሴ ነው፡፡

ከኢቶሱ ተማሪዎች መካከል በ1868 በሹሪ ከተማ የተወለዱት ጊቺን ፉናኮሺ ይገኙበታል፡፡ በልጅነታቸው ደካማና በሽተኛ ነበሩ፡፡ ካራቴ የጀመሩትም ገና ልጅ ሳሉ ሲሆን ጤናቸው የተመለሰው በልምምዱ እንደሆነ ኋላ ላይ ተናግረዋል፡፡ ሐኪም መሆን ይፈልጉ ነበር፡፡ የመግቢያ ፈተናውንም አልፈው ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን መንግሥት የጥንቱን የወንዶች ቁንጮ ከልክሎ ስለነበርና ቤተሰባቸው ቁንጮው አይቆረጥም በማለቱ ዕድሉ አመለጣቸው፡፡ በዚህ ምክንያት መምህር ሆኑ፡፡ ቀን ሕፃናትን ያስተምራሉ፤ ሌሊት በመምህራቸው ግቢ አንዱን ካታ ለወራት ይደጋግማሉ፡፡ መምህሩ ካልፈቀዱ ወደሚቀጥለው ማለፍ የለም፡፡

መጥረጊያ የያዙት መምህር

በ1922 ፉናኮሺ ካራቴን ለማሳየት ወደ ቶኪዮ ተጠሩ፡፡ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል፡፡ የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖም በራሳቸው ማዕከል እንዲያሳዩ ጋበዟቸው፡፡ ፉናኮሺ በዚያው ቀርተው ለማስተማር ወሰኑ፤ ነገር ግን ገንዘብ አልነበራቸውም፡፡ የኦኪናዋ ተማሪዎች በሚያድሩበት ሕንፃ አንዲት ትንሽ ክፍል አገኙ፡፡ ቀን ክፍሎቹን ይጠርጋሉ፣ የአትክልት ቦታውን ይንከባከባሉ፤ ማታ ካራቴ ያስተምራሉ፡፡ ዛሬ በመላው ዓለም ስማቸው የሚጠራው መምህር ሥራ የጀመሩት መጥረጊያ ይዘው ነው፡፡

ዛሬ ልጆቻችን የሚጓጉለት የቀበቶ ማዕረግ ከጁዶ የተወሰደ ነው፡፡ ፉናኮሺ በ1924 ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻቸው ጥቁር ቀበቶ ሰጡ፡፡ በ1930ዎቹ ደግሞ የስሙ አጻጻፍ «የቻይና እጅ» ከሚለው ወደ «ባዶ እጅ» ተለወጠ፡፡ በዚያው አሥርት ዓመት ተማሪዎቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ትምህርት ቤት ሠሩላቸው፡፡ ስሙንም በመምህሩ የብዕር ስም «ሾቶካን» አሉት፤ «ሾቶ» በነፋስ የሚወዛወዝ የጥድ ደን ድምፅ ማለት ነው፡፡

ቤቱ ግን ብዙ አልቆየም፡፡ በ1945 የአየር ድብደባ ወደመ፡፡ በዚያው ዓመት ዋና ረዳታቸው የነበረው ልጃቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፡፡ ሽማግሌው ሕንፃም ልጅም አጥተው ቀሩ፡፡ ሆኖም ያስተማሯቸው ሰዎች ቀርተው ነበር፡፡ በ1949 የጃፓን ካራቴ ማኅበርን አቋቋሙ፤ ከዚያም ትምህርቱን ይዘው በአምስቱም አህጉራት ተበተኑ፡፡ ፉናኮሺ በ1957 በ88 ዓመታቸው አረፉ፡፡

የትምህርቱ ቁልፍ

ፉናኮሺ አጥብቀው ያስተማሩት አንድ ነገር አለ፡፡ ካራቴ የተማረ ሰው ቀድሞ አይመታም፡፡ የሾቶካን ጀማሪዎች የሚማሯቸው አምስቱ ካታዎች ሁሉ የሚጀምሩት በመከላከል ነው፡፡ የእኛም የእረኞች ጨዋታ ስሙ ምክቶሽ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ከመመከት የመጣ ቃል ነው፡፡ ሁለት ተማሪዎች ሲገጥሙም ቡጢው ተጋጣሚው ዘንድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እንዲቆም ይለማመዳሉ፡፡ መምታት በወራት ይለመዳል፤ በሙሉ ኃይል የተላከን እጅ ማቆም ግን ዓመታት ይፈልጋል፡፡

ይህ ሕግ በትልቁ መድረክም ተፈትኗል፡፡ ካራቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባበት በቶኪዮ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2021 (በአውሮፓ አቆጣጠር)፣ በከባድ ሚዛን ፍጻሜ የሳዑዲ ዐረቢያው ታሪቅ ሐሚዲና የኢራኑ ሳጃድ ጋንጅዛዴ ተገናኙ፡፡ ሐሚዲ 4 ለ 1 እየመራ ነበር፡፡ ቢያሸንፍ ለሀገሩ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ይሆን ነበር፡፡ በዚህ መሐል የሰነዘረው ከፍተኛ እርግጫ አንገት ላይ አረፈ፤ ጋንጅዛዴ ራሱን ስቶ ወደቀ፡፡ ዳኞቹ ምቱ ከቁጥጥር ውጭ ነው ብለው ሐሚዲን ከውድድሩ አሰናበቱት፡፡ ወርቁ ለወደቀው፣ ብሩ ለመታው ሆነ፡፡ ብዙ ሰው ተከራከረበት፤ ሕጉ ግን ልጆች በመጀመሪያው ቀን ከሚማሩት የተለየ አይደለም፡፡

ለሙስሊም ቤተሰብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ጠንካራ የሚባለው ሰውን በትግል የሚጥል ሳይሆን በቁጣው ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑን አስተምረውናል፡፡

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ልጅዎን ከማስመዝገብዎ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብለው ልምምዱን ይመልከቱ፡፡ መምህሩ ጀማሪውን ወዲያው ከነባር ተማሪ ጋር ያጋጥመዋል ወይስ መሠረቱን ያስይዘዋል? ሌላውን የጎዳ ተማሪ ይመሰገናል ወይስ ይገሠጻል? ውጭ የተደባደበ ተማሪ ምን ይደርስበታል? መልሱ የመምህሩን ማንነት ይነግርዎታል፡፡

በጃፓን ልማድ ልምምዱ ጎንበስ ብሎ በመሰላመት ይከፈታል፤ ይዘጋል፡፡ ይህ የአክብሮት ሰላምታ ቢሆንም ማጎንበስ ለአላህ ብቻ ነው የሚል ቤተሰብ ጉዳዩን ከመምህሩ ጋር አስቀድሞ ይነጋገርበት፡፡ ሴት ልጆችንም በሒጃብ ምክንያት ማስቀረት አያስፈልግም፡፡ ግብፃዊቷ ሂዳያ ማላክ ሒጃቧን እንደለበሰች በቴኳንዶ በ2016 በሪዮ እና በቶኪዮ ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች፡፡ ሀገራችንም በቶኪዮ ሰለሞን ቱፋን በማሰለፍ በኦሎምፒክ ቴኳንዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋለች፡፡

እንግዲህ «አባዬ፣ ካራቴ ልማር» ላለው ልጅ መልሱ «እሺ» ሊሆን ይችላል፡፡ ነገር ግን ከዓመት በኋላ «ስንት ቀበቶ አገኘህ?» ከማለት በፊት «ተናደህ ሳለህ እጅህን የያዝክበት ቀን አለ?» ብለን እንጠይቀው፡፡ «አዎ» ካለ ትምህርቱ ገብቶታል፡፡