ለባቲ ሙቀት የደሴ ቦይለር?

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ግመሉና ፍየሉ ከአፋር በረሃ፣ እህሉና ሸቀጡ ከደጋው በኩል የሚገናኙበት ይህ ገበያ ከመዋሉ በፊት ነጋዴው እሁድ ማታ ከተማ ይገባል፤ አልጋ ይይዛል፤ አቧራውን የሚያራግፍበት ሙቅ ሻወርም ይጠይቃል። በመሆኑም በባቲም ሆነ በከሚሴ ፔንሲዮን የሚከፍት ሰው ቦይለር መግዛቱ አይቀርም። ስንት ሊትር ይግዛ? እንዴትስ ያሠራው?

ነገሩ የኪስ ጉዳይ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ንሯል። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. አንስቶ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ አንዴ በግዢ፣ ከዚያም በየወሩ በቆጣሪ ይከፈላል።

አንዳንድ ሻጭ «የአየሩን ጠባይ አይቶ ራሱን የሚያስተካክል» ቦይለር ያቀርባል። እንዲህ ያለው ዕቃ በእርግጥ አለ። በአውሮፓ ቦይለር የሚባለው በዋናነት ቤት የሚያሞቅ ነው። ከግድግዳ ውጭ የሚሰቀል ሴንሰር የደጁን ቅዝቃዜ ይለካል። ደጁ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን ወደ ክፍሎቹ የሚሄደው ውሃ ለምሳሌ 70 ዲግሪ እንዲሆን ያዛል፤ ደጁ 15 ዲግሪ ሲደርስ 35 ይበቃል ይላል። ለቀዝቃዛ አገር ትልቅ ቁጠባ ነው። ባቲ ላይ ግን ክፍል የሚያሞቅ የለም፤ ለሴንሰሩ የሚከፈለው ገንዘብ ያለ ሥራ የተሰቀለ ነው።

ይህ ማለት ግን የደጁ ሙቀት ለእኛ አይጠቅምም ማለት አይደለም። በአገራችን ሙቀቱን ከወቅቱ ይልቅ የቦታው ከፍታ ይለያየዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 500 ሜትር፣ ባቲ ደግሞ ወደ 1 ሺህ 500 ሜትር ላይ ናቸው። አየሩ በየሺህ ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ወደ ጋኑ የሚገባው ውሃም ባቲ ላይ ሞቅ ብሎ ይጀምራል።

በቁጥር እንየው። የደሴው ውሃ 17፣ የባቲው 24 ዲግሪ ነው እንበል። 80 ሊትር ውሃ 60 ዲግሪ ለማድረስ ደሴ ላይ 4፣ ባቲ ላይ 3 ነጥብ 35 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የሞቀው ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ 40 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ፣ ያው ጋን ደሴ ላይ 150፣ ባቲ ላይ 180 ሊትር የሻወር ውሃ ይሰጣል። ባለ 50 ሊትሩ ጋን እንኳ ባቲ ላይ 110 ሊትር ያህል ያወጣል። ባይባክን ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው። ስለዚህ ደሴ 80 ሊትር ስለገዛች ባቲም 80 ትግዛ የሚለው ምክር ለሻጩ እንጂ ለገዢው አይበጅም።

ሁለተኛው ነገር አሠራሩ ነው። ሙሉ ቀን በርቶ የሚውል ባለ 80 ሊትር ጋን፣ ማንም ሳይታጠብበት፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ ብቻ በቀን ወደ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። አሥር ክፍል ያለው ፔንሲዮን በሳምንት አምስት ቀን ባዶ ክፍል ቢያሞቅ 50፣ በዓመት 2 ሺህ 600 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል በከንቱ ይሄዳል። ይህን በራስዎ ቢል ላይ ባለው ታሪፍ ያባዙት።

ማጥፋቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጊዜው ወሳኝ ነው። ብዙዎች እንግዳው ከወጣ በኋላ ያጠፋሉ። ያን ጊዜ ጋኑ በገባው ቀዝቃዛ ውሃ ምትክ አዲሱን አሙቆ ጨርሷል። ያ ሙቀት ቀጣዩ እንግዳ ሳይመጣ ቀስ በቀስ በኖ ያልቃል። ትክክለኛው ሰዓት ሰኞ ንጋት፣ እንግዳው ከመታጠቡ በፊት ነው። ሌሊቱን የሞቀው ውሃ ለሻወሩ ይበቃል፤ ጋኑም ቀዝቅዞ ሳምንቱን ያሳልፋል። እሁድ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይበራል። ባለ 1 ሺህ 500 ዋት ማሞቂያ 80 ሊትሩን ለማድረስ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ያልፈዋል። አሥሩ በአንድ ጊዜ ከበሩ 15 ኪሎ ዋት ይስባሉ፤ መስመሩ እንዳይጨነቅ በፈረቃ ቢበሩ ይመረጣል። ይህን ሁሉ ተራ ታይመር ይሠራዋል።

ቁጠባው ግን ጤናን እንዳይነካ። ቴርሞስታቱን 40 ላይ አድርጎ መተው አደገኛ ነው። ሌጂዮኔላ የተባለው የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ይራባል። ስለዚህ ቦይለሩ በበራ ቁጥር 60 ይድረስ፤ «ኢኮ» የሚለው ሞድ ከዚያ በታች የሚያቆም ከሆነ ብቻውን አይታመንም። 60 ዲግሪ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላልና ማደባለቂያ ቧንቧ የግድ ነው።

እንግዲህ ለባቲና ለከሚሴ ገዢ ምክሩ አጭር ነው፦ ጋኑ ነስ ይበል፣ ሽፋኑ ወፍራም ይሁን፣ ታይመር ይኑረው። የደጅ ሴንሰሩ ለበረዶ አገር ይቅር። የባቲ ቦይለር ሊያውቀው የሚገባው ሰኞ መቼ እንደሆነ ነው።