ሳያልቅ ስለሚሸጥ ጨዋታና ስለ ገዢው ትዕግሥት

ቀብድ ተቀብሎ ሥራውን ያላደረሰ ባለሙያ በአገራችን ዘንድ የተወቀሰ ነው። ቀብድ የሰጠ ሰውም መብቱን ያውቃል፤ ይኸውም የተባለው ቀን ሲደርስ ሄዶ ዕቃዬ ወዴት አለ ብሎ መጠየቅ፥ ዕቃው ካልተሠራም ገንዘቡን ማስመለስ ነው። ሸማኔውም አናጢውም ብር ሠሪውም ይህን ደንብ አይስቱትም። በዛሬው ዘመን ግን ከዚህ የተለየ ንግድ ተነሥቶአል። በዚህ ንግድ ገዢው ዋጋውን በሙሉ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ዕቃውንም ገና ሳያልቅ ይረከባል፤ የሚያልቅበት ቀን ግን በውል የተጻፈ አይደለም። ይህም የኮምፒዩተር ጨዋታ ንግድ ነው።

ስለ ጨዋታ በቤተ ሰብ ገጽ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የኮምፒዩተር ጨዋታ ዛሬ የሕፃናት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጐልማሶችም የቀኑን ሥራ ፈጽመው አሳባቸውን የሚያሳርፉበት ሆኖአል። ዋጋውም የሚወጣው ከቤተ ሰብ ኪስ ነው። ከዋጋውም ይልቅ የሚበልጥ ነገር አለ፤ ወጣት ልጅ ስለ ውል፥ ስለ ተስፋና ስለ ቃል መጠበቅ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለው ትንሽ ግዢ ነው። ስለዚህ አባትና እናት የነገሩን አሠራር ሊያውቁት ይገባል።

ኢንዲ የሚባሉት ጨዋታ ሠሪዎች ከታላላቅ አሳታሚ ኩባንያዎች ገንዘብ ሳይቀበሉ በራሳቸው አሳብና በራሳቸው ኪሣራ የሚሠሩ ናቸው። አንዳንዱ ማኅበር አሥር ሰው፥ አንዳንዱ ሁለት ሰው፥ አንዳንዱም አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ጨዋታ ለመፈጸም ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ በነዚያ ዓመታት ውስጥ ግን ሠሪው መብላትና የቤት ኪራይ መክፈል አለበት። ስለዚህ ሥራውን በመካከሉ እየሸጡ በሚገኘው ገንዘብ መጨረስ የሚል ብልኃት ተገኘ። ስሙንም በእንግሊዝኛ ኧርሊ አክሰስ አሉት፤ ትርጓሜው ቀድሞ መግባት ማለት ነው።

ይህን አሠራር በዓለም ያስታወቀው ማይንክራፍት የተባለው ጨዋታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ማርኩስ ፔርሶን የተባለ ስዊድናዊ ጨዋታውን ገና በጅምር ሳለ በ2009 በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጥ ጀመር፤ ሥራው እየተሻሻለ ሲሄድም ዋጋው ጨመረ፤ በኖቬምበር 2011 ተፈጸመ። በ2014ም ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጨዋታውንና ማኅበሩን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ይህን ያየ ጨዋታ ሠሪ ሁሉ እኔስ ለምን አልሞክርም ማለቱ አልቀረም። ስቲም በሚባለው መደብር ጨዋታዎችን በኢንተርኔት የሚሸጠው ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም፥ ማርች 20 ቀን 2013 ያላለቁ ጨዋታዎች የሚሸጡበትን ክፍል በይፋ ከፈተ።

ብልኃቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ሱፐርጃያንት የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ማኅበር ሄዲስ የተባለውን ጨዋታ በዲሴምበር 2018 ሳያልቅ መሸጥ ጀምሮ፥ የገዢዎችን አስተያየት እየሰማና ማሻሻያውን በየጊዜው እየሰጠ በሴፕቴምበር 2020 ፈጽሞ አስረከበ። ከዚያ እጅግ በሚበልጥ አቅም የሚሠራው የቤልጅጉ ላሪያንም ባልደርስ ጌት 3 የተባለውን ጨዋታ በኦክቶበር 2020 ሲያቀርብ፥ የሚሸጠው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ መሆኑን ለገዢው አስታውቆ ነበር፤ ሙሉውንም ኦገስት 3 ቀን 2023 አወጣ። በነዚህ ዘንድ ገዢው ምን እንደ ገዛ ያውቅ ነበር፤ ተስፋ ያደረገውንም አገኘ።

የገዢዎች ቅሬታ የሚነሣው ዓመቱ ዓመትን ሲወልድና መጨረሻው ሳይታይ ሲቀር ነው። ዴይዚ የተባለው ጨዋታ በዲሴምበር 2013 ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ገዛው። የሥራው መሪ የነበረው ዲን ሆል በሚመጣው ዓመት ማኅበሩን ትቶ ሄደ፤ የቼክ አገር ሰዎች የሆኑት የቀሩት ሠሪዎችም የጨዋታውን መሠረት እንደ ገና ሊሠሩት ግድ ሆነባቸው፤ ጨዋታው ተፈጸመ የተባለው አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው በዲሴምበር 2018 ነው። ሰቨን ዴይስ ቱ ዳይ የተባለው ሌላው ጨዋታም በዚያው በዲሴምበር 2013 ቀርቦ ቁጥር 1.0 የተባለው እትሙ የወጣው በጁላይ 2024 ነው። በ10 ዓመቱ የገዛው ልጅ ጨዋታው ሲያልቅ 20 ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ዘ ስቶምፒንግ ላንድ የተባለው ጨዋታ በ2013 ከሕዝብ በመዋጮ ከ100,000 ዶላር በላይ ተሰብስቦለት በሜይ 2014 ሳያልቅ ለሽያጭ ቀረበ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከሠሪው ዘንድ ወሬ ጠፋ፥ ጨዋታውም ከመደብሩ ወጣ። ስፔስቤዝ ዲ ኤፍ 9 የተባለው ደግሞ የታወቀ ማኅበር ሥራ ነበር፤ በኦክቶበር 2013 ብዙ አሳብ ተዘርዝሮለት ሽያጩ ተጀመረ። በሚመጣው ዓመት ግን የሽያጩ ገቢ የሥራውን ወጪ አልሸፍን ስላለ፥ ከተዘረዘረው አሳብ ብዙው ሳይሠራ ቁጥር 1.0 ተብሎ ተዘጋ። በስም ተፈጸመ፤ በግብር ግን እንደ ጐደለ ቀረ። ገዢዎቹም ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን የአገራችንን ምሳሌ ባያውቁትም፥ ትርጓሜው ደረሰባቸው።

የመዘግየቱ ምክንያት ሁልጊዜ ማታለል ነው ማለት ግን ፍርድ ማጉደል ነው። ነገሩ በራሱ ውስጥ ችግር አለበት። ሽያጩ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ሁለተኛ አይከፍልም፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን በየወሩ ይከፈላል። ስለዚህ የጨዋታው ሥራ እየከበደ ሲሄድ ገቢው እየቀለለ ይሄዳል። ዳግመኛም በጨዋታው ላይ አንድ አዲስ ነገር በተጨመረ ቍጥር ቀድሞ የተሠራው ይናጋና ስሕተት ይወጣል፤ ያንን ማቅናት ሌላ ወራት ይወስዳል። ደግሞም ቀን ቈርጦ የሚያስገድድ አሳታሚ በላያቸው ስለሌለ፥ ሠሪዎቹ ይህንም እንጨምር ያንንም እናሳምር ሲሉ መጨረሻው ከፊታቸው ይርቃል።

በገዢውም በኩል የሚጐዳው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት በጨዋታው ውስጥ ቤት ሠርቶ፥ እርሻ አርሶ፥ ወራት የፈጀ ከተማ አቁሞ ሳለ አንድ ማሻሻያ ይመጣና ያስቀመጠው ሥራ ከአዲሱ እትም ጋር አይስማማም ይባላል፤ እርሱም እንደ ገና ከመሠረቱ ይጀምራል። ይህ ሦስትና አራት ጊዜ ሲደጋገም ሰውየው ይሰለቻል። በመጨረሻም ጨዋታው ባለቀ ቀን ደስታው ቀድሞ ያለቀ ይሆንና ለማየት ስንኳ አይመለስም።

እንግዴህ ሰውን የሚያስቈጣው መዘግየት ብቻ ነውን ብለን ብንጠይቅ፥ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። ፕሮጀክት ዞምቦይድ የተባለው የእንግሊዝ አገር ጨዋታ ከ2011 ጀምሮ ሳያልቅ የሚሸጥ ነው። በዚያው ዓመት ሌቦች ከሠሪዎቹ ቤት ገብተው ኮምፒዩተር ስለ ሰረቁ ብዙ የተደከመበት ሥራ አብሮ ጠፋ። ሠሪዎቹ ግን ከዚያ ወዲህ የሠሩትንና ያልሠሩትን በየጊዜው ለገዢው እየጻፉ ያስታውቁ ነበር፤ በዲሴምበር 2024 ለሙከራ ባወጡት 42ኛ እትም ጊዜም ሥራው ገና አላለቀም ነበር። የሚያጕረመርም ባይጠፋም የሚወዳቸውና የሚጠብቃቸው ሕዝብ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ድዋርፍ ፎርትረስ የተባለው ነው። ታርንና ዛክ አዳምስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ጨዋታውን በ2006 ለሕዝብ አውጥተው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በነጻ ሲያድሉ ኖሩ፤ የሚተዳደሩትም ወዳጅ በፈቃዱ በሚሰጣቸው ገንዘብ ነበር። በኋላ የሕክምና ወጪ ስለ አሳሰባቸው ሥዕል የተጨመረበትን እትም በዲሴምበር 2022 በዋጋ አቀረቡ፤ በጥቂት ጊዜም መቶ ሺህዎች ገዙት። ይህ ጨዋታ ከሁሉ ይልቅ የዘገየ ሲሆን ስለ መዘግየቱ የሚከስሰው አልነበረም፤ ማንንም ዋጋ አላስከፈለምና።

ከዚህ የምናስተውለው ይህ ነው። ያላለቀ ጨዋታ የሚገዛ ሰው በአንድ ወገን ገዢ፥ በአንድ ወገን ደግሞ የሥራው ረዳት ነው። ገዢ ለገንዘቡ ዕቃ ይገባዋል፤ ረዳት ደግሞ ሥራው ከምን እንደ ደረሰ ወሬ ይገባዋል። ሠሪው ለገዢው ዕቃውን ሳያደርስ ለረዳቱም ወሬውን ሲነፍግ፥ ሁለቱንም መብት በአንድ ጊዜ ወሰደ ማለት ነው። ሰው መዘግየትን ይታገሣል፤ ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ ዝም የሚለውን ግን አይታገሥም።

መደብሩም ነገሩን አይቶ ጥቂት ደንብ አውጥቶአል። ጨዋታው ያላለቀ መሆኑን፥ ወደ ፊትም ሊለወጥ ወይም ላይለወጥ እንደሚችል በሽያጩ ገጽ ላይ ይጽፋል፤ ሥራቸውን ሳይፈጽሙ የሚቀሩ ማኅበሮች እንደሚኖሩም ለገዢው ያስታውቃል። ከጁን 2015 ጀምሮ አንድ ጨዋታ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፥ የተጫወቱበትም ጊዜ ከሁለት ሰዓት ያነሰ እንደ ሆነ ገንዘብ ይመልሳል። በ2025 መጀመሪያም ለብዙ ጊዜ ማሻሻያ ባልተሰጠው ጨዋታ ገጽ ላይ፥ የመጨረሻው ማሻሻያ ከተሰጠ ስንት ወር እንዳለፈ የሚገልጽ ማስታወቂያ ጨመረ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚመጣው አምስት ዓመት በሁለት ሰዓት ተመርምሮ የሚታወቅ አይደለም። ስለዚህ ጥንቃቄው በገዢው ላይ ይወድቃል።

አባትና እናትም ልጃቸው እንዲህ ያለ ጨዋታ እንዲገዙለት ሲለምናቸው አይሆንም ብለው ብቻ ከሚመልሱት፥ አብረውት ተቀምጠው ጥቂት ጥያቄ ቢጠይቁት ይበልጥ ይጠቅሙታል። መጀመሪያ፥ ይህ ጨዋታ ከዛሬ ጀምሮ ምንም ባይጨመርበት፥ ዛሬ ያለው ብቻ ለዚህ ዋጋ ይበቃልን? ሁለተኛ፥ የመጨረሻው ማሻሻያ መቼ ተሰጠ? ሠሪውስ ለገዢዎች ከጻፈ ስንት ጊዜ ሆነው? ሦስተኛ፥ ይህ ማኅበር ከዚህ በፊት ጀምሮ የፈጸመው ሥራ አለውን? አራተኛ፥ ብንጠብቅና አልቆ ብንገዛው ምን ይቀርብናል? የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አይበቃም የሚል ከሆነ፥ ከዛሬው ዋጋ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ስጦታ እንጂ ግዢ አለመሆኑን ልጁ ይወቅ። ስጦታ መስጠትም የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን ሰጪው እየሰጠ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

የገዛውም ሰው ቅር ሲለው አቤቱታውን በጨዋ ቃል ይጻፍ። ጨዋታ ሠሪውን መሳደብና ማስፈራራት ጨዋታውን አያፋጥነውም፤ ይልቁንም ይጽፍ የነበረውን ሠሪ ዝም ያሰኘዋል። ምን እንደ ተባለ፥ መቼ እንደ ተባለና ምን እንደ ጐደለ ለይቶ የጻፈ ሰው ግን ለራሱም ለሚመጣው ገዢም ይጠቅማል።

ለሠሪዎቹ የሚነገረውም አጭር ነው። ያልጨረሱትን እንደ ጨረሱ አድርገው አይሽጡ፤ ሊያደርጉት የማይችሉትን ተስፋ አይስጡ፤ ሥራው ያቃታቸው እንደ ሆነም ቀን ሳይቈጥሩ አቅቶናል ብለው ይናገሩ። እውነቱን ተናግሮ ሥራውን ያቆመ ሰው ሌላ ጊዜ ሥራ ቢጀምር የሚያምነው ያገኛል፤ ዝም ብሎ የጠፋ ሰው ግን ራሱን ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ በቅንነት የሚመጣውን ትንሽ ሠሪ ጭምር ገበያ ያሳጣዋል።